በሥራ ቦታ ከእልኸኛ ሰው ጋር ስለ መከራከር



ሰውን ከሥራው ድካም ይልቅ ከሥራ ባልንጀራው ጋር የሚያደርገው ከንቱ ክርክር ያደክመዋል። ማስረጃ ሲቀርብለት «ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው» ብሎ የሚመልስ፥ የተጠየቀውን ትቶ የጠያቂውን ማንነት የሚመረምር፥ በአንዱ ነገር ሲረታ ወደ ሌላው የሚዘል ተከራካሪ በመሥሪያ ቤትም በሰበካ ጉባኤም አይታጣም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። እንግዲህ ከእርሱ ጋር እንዴት እንነጋገር?

ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 26 ቍጥር 4 ለሰነፍ እንዳንመልስለት፥ ወዲያውም በቍጥር 5 እንድንመልስለት ያዝዛል። ሁለቱ ትእዛዛት የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይጣሉም። የፊተኛው የተከራካሪያችንን ጠባይ እንዳንወርስ፥ የኋለኛውም ስሕተቱ እውነት መስሎ እንዳይቀር ይጠብቀናል። ስለዚህ ለጠባዩ አንመልስም፤ ለነገሩ ግን እንመልሳለን።

ይህ ልዩነት በተዘነጋ ጊዜ የሚደርሰው ጥፋት በነገሌ ቦረና ታይቷል። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈሩት ወታደሮች ስለ ምግባቸውና ስለ ውኃቸው ክፋት አቤት ይሉ ነበር። የውኃ መሳቢያቸው በተሰበረ ጊዜም ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ጥያቄው የውኃ ነበር፤ መልሱ ግን የማዕረግ ሆነ። ወታደሮቹም መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ነገሩን ሊመረምሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዘው ከዚያው ምግብ እንዲበሉ፥ ከዚያው ውኃ እንዲጠጡ አደረጓቸው፤ እርሳቸውም ታመሙ። በየካቲት ወር ዐመፁ በሌሎች የጦር ሰፈሮች ተነሣ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የዚያ ሁሉ ለውጥ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የአንድ ጉድጓድ ክርክር ብቻውን አመጣው ማለት አይቻልም። ቢሆንም በጊዜው ቢሰማ ኖሮ በአንድ የመሳቢያ ጥገና ሊያልቅ የሚችል አቤቱታ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፥ እልኸኛው ሁልጊዜ የበታቹ አይደለም፤ ሥልጣን የያዘው ሰው ምክንያት ሲያጣ ሥልጣኑን እንደ ምክንያት ይቈጥረዋል። ሁለተኛ፥ በግድ ውኃ የጠጣ ሰው ውኃው መጥፎ መሆኑን ያውቅ ይሆናል፤ መስማትን ግን አይማርም። እውነት ያለው ሰው ኃይል ሲጨምርበት ለተቃዋሚው ማምለጫ ያበጅለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ ውኃው መሆኑ ቀርቶ ስለ ዐመፁ ይሆናል።

በዚያው በደቡብ ቆላ ሌላ መንገድ ነበረ፤ ዛሬም አለ። የቦረና ከብት አርቢዎች ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውኃ የሚያወጡት ሰዎች በመሰላል ተደርድረው መቅጃ እየተቀባበሉ ነው። የውኃው ተራ የሚወሰነው በጉድጓዱ ጉባኤ ሲሆን፥ ተራውን በየዕለቱ የሚያስጠብቀው አባ ሄሬጋ የሚባለው ሰው ነው። ቅር የተሰኘ ሰው ከባልንጀራው ጋር በጉድጓዱ አፍ መታገል አያስፈልገውም፤ ነገሩን የሚያቀርብበት ሸንጎ አለው። ጠቡ ሳይነሣ ዳኛው ተሰይሟል።

እኛም በየሥራችን ይህን እናድርግ። አንድ የግምጃ ቤት ሹም «ዕቃው አልጐደለም» ብሎ ቢደርቅ፥ አስቀድመን የእርሱን ቃል እርሱ ራሱ «አዎን፥ ያልሁት ይህን ነው» እስኪል ድረስ በደኅና አድርገን እንድገምለት። ቀጥሎ አፍ ለአፍ መካሰሱን ትተን፥ «ና አብረን እንቍጠር» ብለን ወደ ዕቃው እንውሰደው። ይህንም እንቢ ቢል ሁለታችንም የምናከብረውን ሦስተኛ ሰው እንጥራ፤ የአሠሪና የሠራተኛ ክርክር ከሆነም አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አስማሚ የሚሰየምበትን መንገድ አዘጋጅቷል። ከዚያ ወዲያ ቃላችንን በጽሑፍ አኑረን ዝም እንበል፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና።

በመጨረሻ ግን፥ ሌላውን እልኸኛ ከማለታችን በፊት እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፤ «እኔስ የሚከሰሰውን ውኃ ቀምሼዋለሁን?» ሳንቀምስ የፈረድን እንደ ሆነ፥ በዚያ ክርክር እልኸኛው እኛ ነን። አቤት ባዩ ንግግሩ ያልተቃና፥ ምክንያቱም የተዘበራረቀ ሊሆን ይችላል፤ ጥማቱ ግን እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ንግግሩን ከማረማችን በፊት ሄደን ጉድጓዱን እንይ።