ስለ ኩሽኔታ አሠራርና ጥቅም

መኪና የሚባለው ነገር ኹሉ የሚዞር ክፍል አለው። የሚዞረውም ብረት በማይዞረው ብረት ላይ ሲያርፍ ኹለቱ ይፋተጋሉ፤ ከመፋተጋቸውም የተነሣ ይግላሉ፤ ውለውም አድረው ተበልተው ያልቃሉ። ስለዚህ እኽል ለመፍጨት ወይም ሸክም ለመሳብ የሚገባው ኀይል ብረትን በማሞቅ ብቻ በከንቱ ይጠፋል። ይህን ጉዳት ለመቀነስ የተገኘው ብልኀት ኩሽኔታ ነው።

ከባድ ድንጋይን በምድር ላይ የሚጐትቱ ሰዎች ፈጥነው ይደክማሉ፤ ከሥሩ ድቡልቡል አጣና ቢደረግለት ግን በጥቂት ጕልበት ይሄዳል፤ መንከባለል ከመፋተግ ይልቅ ቀላል ነውና። የኩሽኔታም ምስጢር ይህ ነው። ኩሽኔታ ኹለት የብረት ቀለበቶች አሉት፤ የውስጡ ቀለበት ዘንጉን ያቅፋል፤ የውጭው በመኪናው አካል ውስጥ ይጸናል። በኹለቱም ላይ ቦይ ወጥቶባቸዋል፤ በቦዩም መካከል የብረት ብዮች ይሰለፋሉ። ብዮቹ ርስ በርሳቸው እንዳይፋተጉ በቀጭን ብረት የተሠራ መያዣ እያንዳንዱን በየስፍራው ይለየዋል።

ይህ ሐሳብ ጥንታዊ ነው። በዌልስ አገር ፊሊፕ ቮን የተባለ ሰው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1794 ዓ.ም. ለሠረገላ ዘንግ የሚኾን ባለ ብይ ኩሽኔታ በስሙ አስመዝግቧል። ነገር ግን እኩል የኾኑ ብዮችን በብዛት ለመሥራት መንገድ የከፈተው፥ በጀርመን አገር በሽቫይንፉርት ከተማ ፍሪድሪኽ ፊሸር በ1883 ዓ.ም. የሠራው የብይ መሞረጃ መኪና ነው።

ብዩ የሚሠራው ከአረብ ብረት ሲኾን፥ በውስጡ ከመቶ አንድ እጅ ያኽል ካርቦንና ከመቶ አንድ እጅ ተኩል ያኽል ክሮም ይገኛል። በመዠመሪያ እንደ ሽቦ የተሳበው ብረት በልኩ ይቈረጣል። ቍራጩም በጐደጐዱ ኹለት ቅርጾች መካከል በብርቱ ኀይል ተጨምቆ ይድቦለቦላል። በወገቡ ዙሪያ የተረፈው ጠርዝ፥ ቦይ ባላቸው ኹለት የብረት ሳሕኖች መካከል ሲንከባለል ይነሣለታል። ከዚህ በኋላ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግራድ በላይ በኾነ ሙቀት ይግልና በድንገት በዘይት ውስጥ ይነከራል፤ ይህም እጅግ ያጠነክረዋል። እንደ መስተዋትም ተሰባሪ እንዳይኾን እንደ ገና በለዘብተኛ ሙቀት ይሞቃል። በመጨረሻ ይሞረዳል፤ ይወለወላል፤ በመጠኑም እየተለየ ይመደባል። በመልካም ኩሽኔታ ውስጥ ባሉ ብዮች መካከል ያለው የውፍረት ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እጅ ያነሰ ነው።

ይህን ያኽል ድካም የሚደረግበት ምክንያት፥ አንዱ ብይ ከባልንጀሮቹ ቢበልጥ ሸክሙ በርሱ ላይ ስለሚወድቅ ነው። እርሱም ሲሰነጠቅ ስባሪው ቦዩን ያበላሻል፤ ኩሽኔታውም በሙሉ ይጠፋል። መምህሩ ይህን ነገር በቀላሉ ሊያሳይ ይችላል። እኩል የኾኑ ብዮችን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከላያቸው ሳንቃ፥ በሳንቃውም ላይ ድንጋይ ቢያኖር፥ ሕፃን እንኳ በአንድ ጣት ይገፋዋል። ከመካከላቸው አንዱን አውጥቶ በስፍራው ትልቅ ብይ ቢያገባ ግን ሳንቃው ይወላገዳል፤ ሸክሙም ወደ ትልቁ ብይ ያዘነብላል።

የሸክም መዛባት ከሌላም ምክንያት ይመጣል። በስዊድን አገር በጎተንበርግ ከተማ በነበረ የጨርቅ ፋብሪካ፥ ምድሩ ሸክላማ ስለ ነበረ ሕንጻው ይሰምጥ ነበር፤ ረዣዥሞቹም ዘንጎች ከመስመራቸው እየወጡ ኩሽኔታዎቹን ይሰብሩ ነበር። የፋብሪካው መሐንዲስ ስቬን ቪንግክቪስት በ1907 ዓ.ም. ብዮቹን በኹለት ረድፍ አሰልፎ፥ የውጭውን ቀለበት ውስጥ እንደ ሉል ጐድጓዳ አድርጎ ሠራው። ስለዚህ ዘንጉ ጥቂት ቢያዘነብል የውስጡ ቀለበት አብሮት ያዘነብላል፤ ብዮቹም ሸክሙን ሳይዛቡ ይሸከማሉ። በዚያው ዓመት ኤስ ካ ኤፍ የተባለው ማኅበር ይህን ኩሽኔታ ለመሥራት ተቋቋመ።

ዛሬ ኩሽኔታ በብስክሌት፥ በአውቶሞቢል፥ በውሃ መሳቢያና በመንደር ወፍጮ ውስጥ ይገኛል። ትልቁ ጠላቱ አቧራ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወደ ቦዩ ብትገባ የተወለወለውን ብረት ትቧጭረዋለችና። ስለዚህ ግራሶ የሚያገባ ሰው አስቀድሞ እጁንና ዕቃውን ያጥራ፤ ከልክም አያብዛ፤ ከመጠን ያለፈ ግራሶ ኩሽኔታውን ያግለዋልና። አዲሱንም በዘንግ ላይ ሲያገባ የውጭውን ቀለበት በመዶሻ አይምታ፤ ምቱ በብዮቹ በኩል አልፎ ቦዩን ያጐደጕዳልና። የሚጮኽ ወይም ከልማዱ በላይ የሚግል ኩሽኔታ ሳይሰበር አስቀድሞ ይመርመር።

ወፍጮው የቆመበት መንደር እኽሉን ተሸክሞ ወደ ሩቅ ወፍጮ ለመሄድ ይገደዳል፤ ያንን ኹሉ ድካም ያመጣው ግን በጨርቅ ሊጠረግ ይችል የነበረ ጥቂት አቧራ ሊኾን ይችላል። እንግዲህ ተማሪዎች ይህን ከሕፃንነታቸው ቢያውቁ፥ ለአገራቸው መኪና መንዳት ብቻ ሳይኾን መጠበቅንም የሚያውቁ ሠራተኞች ይኾናሉ።