ከተለቀመ በኋላ የፍሬ ጥንካሬና ትኩስነት አጠባበቅ
በሰፈራ ጣቢያዎች ለሚሠሩ ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

በእርዳታ ሥራ ላይ የተሰማራ ማንኛውም ሠራተኛ የእህል አጠባበቅ ደንብን ያውቃል። እህሉ በሚገባ ይደርቃል፤ በጆንያ ይሞላል፤ ጆንያው በርብራብ ላይ ይደረደራል፤ መጋዘኑም ይዘጋል። በዚህ አኳኋን የተያዘ በቆሎ ወራትን ይሻገራል። ይሁን እንጂ ይኸው ደንብ በማንጎ ወይም በቲማቲም ላይ ሲሠራበት ምርቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በስብሶ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ማስረዳትና ያለ ብዙ ወጪ በየጣቢያው ሊፈጸም የሚችለውን ማመልከት ነው።

1. ጉዳዩ ስለምን ያሳስባል?

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ የተነሡ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰዎች በአሶሳ፣ በፓዌ፣ በጋምቤላና በሌሎችም የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም ሌላ የሰፈራ ፕሮግራም ተካሂዷል። ከደጋና ከወይና ደጋ የተነሣው ገበሬ ይዞት የሄደው ዕውቀት የጎተራና የጉድጓድ፣ ማለትም የእህል ዕውቀት ነው። በአሶሳ አካባቢ የጠበቀው ግን ማንጎ የሚበዛበት ምድር ነው።

ማንጎ በአንድ ወቅት ተደራርቦ ይደርሳል፤ የሚደርሰውም አዲሱ እህል ገና ባልተሰበሰበበት ጊዜ ነው። ብስል ማንጎ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይዟል። ይህ ቫይታሚን የሚጎድለው ሕፃን በዳፍንት ይያዛል፤ በሽታን የመቋቋም ኃይሉም ይዳከማል። እንግዲህ ከዛፍ ሥር የሚበሰብሰው ፍሬ ጎተራው በተራቆተበት ወር ከልጆች አፍ የተነጠቀ ምግብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ያወጣው ጥናት፣ ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ከሚመረተው አትክልትና ፍራፍሬ ግማሽ የሚጠጋው ከተበላ በፊት እንደሚጠፋ ገምቷል።

2. እህልና ፍሬ በምን ይለያያሉ?

ለማከማቻ የተዘጋጀ በቆሎ በውስጡ የሚይዘው ውኃ 13 በመቶ ገደማ ነው። ማንጎ ግን ከ80 በመቶ በላይ፣ ቲማቲምም ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። እህል የሚጠበቀው ውኃው እንዲወጣ በማድረግ ሲሆን፣ ፍሬ የሚጠበቀው ውኃው እንዳይወጣ በማድረግ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ የተለቀመ ፍሬ ሕይወቱ አላለፈም፤ ይተነፍሳል፣ ሙቀትም ያመነጫል። የአካባቢው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ባለ ቁጥር አተነፋፈሱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ስለሚፈጥን ዕድሜው በዚያው መጠን ያጥራል። በሚበስልበት ጊዜ የፍሬውን ሥጋ አያይዞ ያጠነከረው ፔክቲን የተባለ ንጥረ ነገር እየፈራረሰ ይሄዳል። ፍሬ የሚለሰልሰው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የሚጨማደደው ደግሞ ውኃውን በማጣቱ ነው።

በመብሰል ላይ ያለ ማንጎ፣ ሙዝና ቲማቲም ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ በአጠገቡ ያለውን ጥሬ ፍሬ ያበስላል። የሙዝ ነጋዴዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ላምባ አንድደው ሙዝ የሚያበስሉት ጭሱ ይህን ጋዝ ስለያዘ ነው። በሩ የተዘጋ የእህል መጋዘንም ሳናስበው የዚያው ዓይነት ማብሰያ ክፍል ይሆናል።

3. ምን መደረግ አለበት?

ሀ/ ለቀማ፤ ፍሬ የሚለቀመው ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ሳይሞቅ በማለዳ ነው። ለማከማቻ ወይም ለገበያ የሚፈለግ ማንጎ መልቀም የሚገባው ትከሻው ሞልቶ፣ ገና ጠንካራ ሳለ ነው። በዱላ የወረደ ወይም ተራግፎ የወደቀ ፍሬ ላዩ ደኅና ቢመስልም ውስጡ የተቀጠቀጠ በመሆኑ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ስለዚህ በረጅም ዘንግ ጫፍ ከረጢት አስሮ መልቀም ይመረጣል። ከተንጠለጠለበት ዘንግ አጭር ቁራጭ ቢተውለት፣ የሚፈሰው ሙጫ ቆዳውን አያቃጥለውም።

ለ/ መለየት፤ የቆሰለው፣ የበሰለውና ጥሬው በየፊናው ይቀመጣል። የቆሰለው በዚያው ቀን ይበላል፤ የተረፈው በስሱ ተቆርጦ፣ ከዝንብና ከአቧራ ተከልሎ ይደርቃል።

ሐ/ መያዣ፤ በጆንያ የታጨቀ ፍሬ የላይኛው የታችኛውን ይጨፈልቀዋል። ጥልቀት የሌለው፣ አየር የሚያስገባ፣ ውስጡ ሣር ወይም የኮባ ቅጠል የተነጠፈበት ሣጥን ወይም ቅርጫት ተስማሚ ነው።

መ/ ጥላ፤ የተለቀመ ፍሬ ለአንድ ሰዓት እንኳ ፀሐይ ላይ መቆየት የለበትም። በእርዳታ የተሰጠ የፕላስቲክ ሸራ ፍሬው ላይ በቀጥታ ሲለበስ ሙቀቱንና ላቡን ያፍናል። ሸራው ከፍ ብሎ እንደ ዳስ ከተወጠረ ግን ጥሩ ጥላ ይሆናል።

ሠ/ በእርጥበት ማቀዝቀዝ፤ ውኃ በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሸክላ ገንቦ ውኃ የሚያቀዘቅዘው በዚህ ነው። በሰሜን ናይጄሪያ መሐመድ ባህ አባ የተባለው መምህር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ይህንኑ ለአትክልት ማቆያ አውሏል። ትንሹ ሸክላ በትልቁ ውስጥ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው በየቀኑ ውኃ ይጠጣል፤ አፉም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ለብዙ ምርት ደግሞ በሕንድ አገር የተሠራበት፣ በሁለት የጡብ ግድግዳዎች መካከል እርጥብ አሸዋ የሚሞላበት ማቆያ አለ። ይህ ዘዴ በደረቅ አየር እጅግ ይጠቅማል፤ ዝናብ ሲገባና አየሩ ሲረጥብ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። የመጠጥ ውኃ ችግር ባለበት ጣቢያም የሰው ድርሻ ይቀድማል፤ ለአሸዋው የዕቃ እጣቢ ይበቃል።

ማቀዝቀዣ መሣሪያ ያለበት ጣቢያ ቢኖር፣ ሙዝም ሆነ ያልበሰለ ማንጎ ከ13 ዲግሪ በታች ሲቆይ ቆዳው እንደሚጠቁርና ጣዕሙ እንደሚበላሽ መታወቅ አለበት።

4. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ የሚጠይቁት ማለዳ መነሣትን፣ ጥላንና የእጅ ጥንቃቄን ነው። ሰፋሪው እህሉን ጠብቆ ለማቆየት ከአባቱ የተማረውን ያህል ፍሬን ለመጠበቅም የሚያስተምረው ያስፈልገዋል። በምርት ዘገባዎቻችንም የተለቀመው ብቻ ሳይሆን ለምግብ የደረሰው ጭምር ሊመዘገብ ይገባል።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በጣቢያችሁ ፍሬ የሚለቀመው በስንት ሰዓት ነው? እስኪበላ ወይም እስኪሸጥ ድረስስ የት ይቆያል?

2. ከአንድ ዛፍ የተለቀመ ፍሬ በሁለት ተከፍሎ፣ እኩሌታው በጆንያ፣ እኩሌታው በጥላ ሥር በቅርጫት ቢቀመጥ፣ ከአምስት ቀን በኋላ ምን ያህሉ ይበሰብሳል? ሰፋሪዎች ባሉበት ቆጥራችሁ አሳዩ።

3. በአካባቢያችሁ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች አሉ? ድርብ ሸክላውን ለመሥራት ምን ይጎድላቸዋል?