ጎልፍ በምኒልክ አደባባይ! የተቀናበረ ፎቶ እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ይታወቃል?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ፎቶ ቅንብር ነው። ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ የተለጠፈውን ምስል እዩት። አንድ ሰውዬ ምኒልክ አደባባይ ላይ፣ ከሐውልቱ ፊት ለፊት ቆሞ ጎልፍ ይጫወታል። እውነት ነው? አይደለም። በመቀስና በኮላ የሠራሁት ነው። አሠራሩን እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም አሠራሩን ያወቀ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

መጀመሪያ ስለ ጎልፍ ትንሽ ልበል። ዱላውን ስታዩ የገና ጨዋታ ትዝ ሊላችሁ ይችላል። በገና ግን ሁለት ቡድን በአንድ ሩር ይሻማል፤ በጎልፍ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኳስ እየመታ ጉድጓድ ውስጥ ያስገባል። በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ሙሉ ጨዋታው 18 ጉድጓድ አለው። በከተማችን ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ የጎልፍ ሜዳ አለ፤ ምኒልክ አደባባይ ላይ ግን የለም። አደባባያችንን የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ የአራዳ ልጅ ሁሉ ሲያየው "ይሄማ አይሆንም!" ብሎ ይስቃል።

የተጠቀምኩባቸው ነገሮች፦ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በወንድሜ ስልክ የተነሳ የአደባባዩ ፎቶ (ፎቶ ኮፒ ቤት የታተመ)፣ አሮጌ የስፖርት ጋዜጣ፣ መቀስ፣ ኮላ፣ እርሳስና ማስመሪያ።

በየስልኩ በሚዘዋወሩ የተቀናበሩ ፎቶዎች ላይ አራት ስህተቶች ደጋግሜ አይቻለሁ። እኔም ሥራዬን የለካሁት በእነሱ ነው።

1ኛ. ጥላ። ጠዋት ፀሐይ ከምሥራቅ ስለምትመጣ ጥላችን ወደ ምዕራብ ይወድቃል፤ ከቁመታችንም ይረዝማል። እኩለ ቀን ላይ ደሞ አጭር ነው። የሐውልቱ ጥላ ወደ አንድ ወገን፣ የሰውየው ወደ ሌላ ከሆነ ፎቶው ውሸት ነው። ስለዚህ ጋዜጣዎቹን አገላብጬ ብርሃን ከዚያው ወገን የመታውን ተጫዋች ቆረጥኩ፤ ጥላውን በእርሳስ ሠራሁለት።

2ኛ. መጠን። እዚህ ላይ ሒሳብ ያስፈልጋል። የጎልፍ ኳስ ስፋት ቢያንስ 42.67 ሚሊ ሜትር፣ የጉድጓዱ አፍ ደግሞ 108 ሚሊ ሜትር ነው። ሰውየው 170 ሴንቲ ሜትር ነው ብንልና ወረቀቱ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 17 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። ኳሷንም ለ17 ስናካፍል 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጉድጓዱን ስናካፍል 6.35 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ብዙ ሰው ኳሷ እንድትታይ ብሎ ብርቱካን ያሳክላታል! ሌላም አለ፤ ኳስ ከየትም ቢያዩዋት ክብ ናት፣ መሬት ላይ ያለ ጉድጓድ ግን ከጎን ሲታይ ሞላላ ነው።

3ኛ. እግርና መሬት። የተቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ጫማው ከመሬቱ የሚነካካበት ቦታ ላይ ጠቆር ያለ ቀጭን ጥላ ሲጨመርበት ይቆማል። የፀጉርና የጣት ዳርም ይታይ፤ መቀሱ የሳተበት ቦታ እዚያ ላይ ያሳብቃል።

4ኛ. ዘመን። የምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በንጉሡ ዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ፋሺስት ጣልያን አንስቶት ነበር፤ ከድል በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሐውልቱ በተነሳበት ጊዜ የተነሳ በተባለ ፎቶ ላይ ሐውልቱ ቆሞ ካየን ወይ ዓመቱ ወይ ፎቶው ተዋሽቷል። የዓድዋ ድል መታሰቢያም የተመረቀው በ2016 ዓ.ም. ስለሆነ በ1990 ዓ.ም. ፎቶ ላይ ሊታይ አይችልም።

"ይሄ ሁሉ የመጣው በፎቶሾፕ ነው" የሚሉ አሉ። ፎቶሾፕ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ማታለሉ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1917 እንግሊዝ አገር፣ ኮቲንግሊ በምትባል መንደር፣ የ16 ዓመቷ ኤልሲ ራይትና የ9 ዓመቷ ፍራንሲስ ግሪፊትስ ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ሴቶች ሥለው ቆረጡ። በባርኔጣ መርፌ ሣር ላይ አቁመው ፎቶ ተነሱ። የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሳይቀር እውነት ነው ብሎ ጻፈ። በወረቀት የተሠራ መሆኑን ያመኑት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም አሮጊቶች ነበሩ! እንግዲህ አስቡት፣ ፎቶው ላይ "የተቀናበረ" የሚል አንድ ቃል ቢጻፍ ኖሮ ቆንጆ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከአራቱም ስህተቶች የሚብሰው እንግዲህ ይሄ ነው፦ የተቀናበረ መሆኑን አለመናገር። ጥላ ቢሳሳት ያስቃል፤ ዝም ማለት ግን ሰው ያሳስታል። ለእኛ ለፒያሳ ልጆች ደግሞ ነገሩ ቀልድ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የድሮ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ብዙ ጎረቤቶቻችንም ሰፈር ቀይረዋል። የፈረሰ ቤት "እዚህ ነበርኩ" ብሎ አይናገርም፤ የሚናገርለት ፎቶው ነው። ታናናሾቻችን የድሮውን ፒያሳ የሚያውቁት በፎቶ ስለሆነ፣ ዛሬ እኛ ለቀልድ ብለን ቤት ጨምረን ወይም ቀንሰን ብንለቅ ነገ ማን ያርመዋል?

ስለዚህ በእኔ ምስል ላይ "የተቀናበረ ፎቶ" የሚለውን ከጀርባው ሳይሆን ከፊቱ፣ በትልቁ ጽፌዋለሁ። እናንተም ስትሠሩ እንዲሁ አድርጉ። ቤታችሁ የሰፈራችን የድሮ ፎቶ ካለ ደግሞ ቦታውንና ዓመቱን እናት አባቶቻችሁን፣ አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ ከጀርባው በእርሳስ ጻፉበት። የሚያስታውሰው ሰው አጠገባችን እያለ ነው መጠየቅ።

በሉ ሰላም ሁኑ፣ መልካም ጥናት!