አሮጌ የእርሻ ትራክተርን አድሶ ለሥራ ስለ ማብቃት
ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች የቀረበ ትምህርት

በየእርሻው ዳርና በየመጋዘኑ ጓሮ ጎማው ተሰነጣጥቆ፥ ቀለሙም በፀሐይ ነጥቶ የቆመ አሮጌ ትራክተር ማየት የተለመደ ነው። አንዳንዱ ሰው ብረቱን በሚዛን ሊሸጠው ያስባል፤ ሌላው ደግሞ በዕረፍት ጊዜው እየፈታ ሊያድሰው ይመኛል። ይህ ሁለተኛው ምኞት የሚመሰገን ነው፤ እጅን ከሥራ፥ አእምሮንም ከጥበብ ጋር ያስተዋውቃልና። ዳሩ ግን ያለ መላ የተጀመረ እድሳት ገንዘብን ያባክናል፥ ሰውንም ለጉዳት ያጋልጣል። ስለዚህ የትኛው መኪና ሊታደስ እንደሚገባው፥ ሥራውም በምን ተራ እንደሚፈጸም ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

ለምሳሌ ጀልዴሳን እንውሰድ። ይህች ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለች የቆላ ሥፍራ ቀድሞ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ ማረፊያና የቀረጥ መቀበያ ነበረች። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ ግን ሐዲዱ ጀልዴሳን ትቶ ስላለፈ ንግዱ ወደ አዲሲቱ ከተማ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋ የመካኒኮች አገር ሆነች፤ በባቡሩ መጠገኛ ሥፍራ ብረት የሚቀልጥበት፥ ዘንግ የሚሞረድበት ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። እንግዲህ ጀልዴሳ መኪና ቢበላሽባት የሚጠግን ባለሙያ ከእርስዋ ብዙ አይርቅም።

በዚያ ቆላ አገር የሚያስቸግረው የዝናቡ ማጠር ነው። ዝናቡ በበልግና በክረምት ተከፍሎ ይወርዳል፤ መሬቱ ለማረስ የሚመች ርጥበት የሚይዘው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። በድርቅ ዘመን በሬው ይከሳል፤ ያ ጥቂት ቀን ካመለጠ ማሽላው ሳይዘራ ይቀራል። አንድ የታደሰ ትራክተር በእነዚያ ቀኖች የብዙ ቤተ ሰብ ማሳ ሊያርስ ይችላል። ነገር ግን ሰው ተስፋ ያደረገበት መኪና በዚያው ሰዓት ቢቆም ጉዳቱ ከመጀመሪያው ከሌለው ይብሳል፤ በሬውንም አላጠመደ፥ መኪናውንም አላገኘምና።

ስለ ትራክተሮቹም ዓይነት ጥቂት እንናገር። በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ በሚባለው ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1946 እስከ 1956 ዓ.ም. የተሠራው ትንሹ ፈርጉሰን ከ500,000 በላይ ወጥቷል። ሞፈሩን በዘይት ግፊት በሦስት ክንድ ማንሣቱ ለኋለኞቹ ሁሉ አብነት ሆነ። በአገራችንም የማሴ ፈርጉሰን ትራክተሮች በሰፊው ታወቁ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ በናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ቆመ።

አንደኛ፤ ምርመራ። ብሎን ከመፈታቱ አስቀድሞ ትራክተሩ የማን እንደ ሆነ በጽሑፍ ይረጋገጥ። የመንግሥት ወይም የማኅበር ንብረት ከሆነ ያለ ፈቃድ አይነካ። ቀጥሎ የሞተሩ አካልና የካምቢዮው ቤት የተሰነጠቀ መሆኑ ይታይ፤ የጎደለውም ዕቃ ይቈጠር። የሞተሩ አካል ተሰንጥቆ ከሆነና መለዋወጫው በገበያ ካልተገኘ፥ መኪናውን ለሌላው መለዋወጫ ማድረግ ይሻላል። የወጪውንም ግምት አስቀድሞ መጻፍ ግድ ነው።

ሁለተኛ፤ የተጣበቀ ሞተር። ብዙ ዓመት የቆመ ሞተር ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ይያያዛል። በሌላ መኪና ጎትቶ ለማስነሣት መሞከር ዘንጉን ይሰብራል። ይልቁንስ ናፍጣ የሚረጩትን አፍንጫዎች ፈትቶ በየቀዳዳው ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅሎ ማፍሰስ፥ ለብዙ ቀንም መተው፥ ከዚያ በኋላ በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ይገባል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ በዚህ ሥራ ትዕግሥት ከጉልበት ይበልጣል።

ሦስተኛ፤ ዘይትና ውሃ። አሮጌው ዘይት ሁሉ ይፍሰስ። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና ጓርኒሲዮኑ ይመርመር። ራዲያተሩ እስኪጠራ ይታጠብ። የፈሰሰውን ዘይት በዕቃ ማጠራቀም እንጂ በአሸዋው ላይ መድፋት አይገባም፤ በቆላ አገር ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከጉድጓድ ነውና።

አራተኛ፤ ናፍጣና አየር። የናፍጣው ማጠራቀሚያ ከዝገትና ከዝቃጭ ይጽዳ፥ ፊልትሮዎቹም ይለወጡ። ከዚያ በኋላ በመስመሩ የገባው አየር እንዲወጣ የፊልትሮውንና የፖምፓውን መተንፈሻ ብሎኖች አላልቶ፥ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ በእጅ መግፋት ያስፈልጋል። የአየሩን ማጣሪያ በተለይ አደራ እንላለን፤ በጀልዴሳ አቧራ ያልተጣራ አየር የሚስብ ሞተር ፋሻው ቶሎ ይበላል።

አምስተኛ፤ የመጀመሪያው መነሣት። ሞተሩ እንደ ተነሣ ዓይን ከዘይት ግፊት መለኪያው ላይ ይሁን፤ ግፊቱ ወዲያው ካልታየ ናፍጣውን ዘግቶ ማጥፋት ነው። ሞተሩ ከልክ በላይ ቢሮጥና አልጠፋም ቢል የአየር መግቢያውን የሚከድን ጠፍጣፋ ጣውላ አስቀድሞ ይዘጋጅ። በእጅ ግን አይከደንም።

ስድስተኛ፤ የሰው ደኅንነት። በክሪክ ብቻ ከተነሣ ትራክተር ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው፤ ጠንካራ የእንጨት ድጋፍ ይደረግበት። ግራና ቀኝ ለየብቻ የሚሠሩት የፍሬን መርገጫዎች በመንገድ ሲኬድ አንድ ላይ ይቈለፉ። አሮጌ ትራክተር ቢገለበጥ ነጂውን የሚያድን የብረት ቅስት የለውም፤ በስዊድን አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ ትራክተር ላይ ይህ መከለያ እንዲኖር በሕግ ታዝዞ የብዙ ነጂዎች ሕይወት ተርፏል። ስለዚህ መኪናው ወደ እርሻ ከመውጣቱ በፊት በባለሙያ እጅ ይገጠምለት። ከኋላ የሚዞረውም ዘንግ መሸፈኛ ሳይኖረው ማንም ልብሱን ይዞ እንዳይጠጋው ይከልከል።

ሥራው ሲፈጸም ደብተር ይከፈት። መኪናው የሠራበት ሰዓት፥ ዘይት የተለወጠበት ቀን፥ የተገዛውም ዕቃ በየጊዜው ይጻፍበት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

በመጨረሻም አስተዳዳሪዎች አንድ ነገር እንዲያስቡ እናሳስባለን። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአርሲ በጭላሎ አውራጃ ትራክተር በብዛት በገባ ጊዜ እህሉ በዛ፤ ነገር ግን ባለ መሬቱ በመኪና ማረስ ስለ ጀመረ ብዙ ጭሰኞች ሲያርሱት ከኖሩት መሬት ተነቀሉ። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም፤ መኪናው ለማን እንደሚያርስ አስቀድሞ አለመወሰኑ ነው። ስለዚህ በወረዳችሁ አንድ አሮጌ ትራክተር በታደሰ ጊዜ፥ ዝናቡ ሳይጥል የማረሻውን ተራና ዋጋ ከአራሾቹ ጋር ሆናችሁ ወስኑ፤ በሬ የሌላት መበለትና አቅመ ደካማው ገበሬም በተራው ውስጥ ስማቸው ይጻፍ።