ሥራንና ፍሬን ለይቶ ስለ ማየት

ብዙ ሥራ ተሠራ ማለትና ሕዝቡ ጤና አገኘ ማለት አንድ አይደለም። በአንድ ቀበሌ መቶ መጸዳጃ ቤቶች ተቈፍረው ሳለ የሕፃናቱ ዐይን መታመሙን ላያቆም ይችላል። ጉድለቱ የቱ ላይ እንደ ሆነ ለማወቅ «ሎጂክ ሞዴል» የሚባለው ሠንጠረዥ ይጠቅማል፤ ይኸውም የአንድ የጤና ፕሮግራም ሐሳብ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በተራ የሚጻፍበት ነው።

ለምሳሌ በአገራችን፥ ይልቁንም በአማራ ክልል፥ በሰፊው የሚገኘውን ትራኮማን እንውሰድ። በሽታው በእጅ፥ በልብስና በዝንብ ይተላለፋል፤ ዝንቡም የሚራባው በሜዳ በተጣለ ዐይነ ምድር ላይ ነው። ደጋግሞ የያዘው ሰው የዐይኑ ሽፋን ወደ ውስጥ ይታጠፍና ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። መከላከያው አራት ነው፤ ቀዶ ሕክምና፥ መድኃኒት፥ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። የኋለኞቹ ሁለቱ ያለ መምህራንና ያለ ነዋሪዎች እርዳታ አይፈጸሙም። ሠንጠረዡም እንዲህ ይሆናል፤

1ኛ/ መነሻ፤ ገንዘብ፥ ውሃ፥ ሠራተኛ።
2ኛ/ ተግባር፤ ማስተማርና መቈፈር።
3ኛ/ የተግባሩ ውጤት፤ የተማሩ ቤተሰቦች፥ የተሠሩ መጸዳጃ ቤቶች።
4ኛ/ የልማድ ለውጥ፤ በመጸዳጃ ቤት መጠቀምና ፊትን ዘወትር መታጠብ።
5ኛ/ ፍሬ፤ የበሽታው መቀነስ።

ብዙ ፕሮግራም የሚሰናከለው ከ3ኛው ወደ 4ኛው ሲሻገር ነው። ጕድጓዱ ቢኖርም መዝጊያ ከሌለው ሴቶች ያፍራሉ፤ ትምህርቱ ቢሰጥም ውሃው ሩቅ ከሆነ እናት የቀዳችውን ለምግብ ታስቀድማለች። ስለዚህ በየደረጃው መካከል «ይህ እንዲሆን ምን መሟላት አለበት?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ ያስፈልጋል።

ምዘናውም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። የተማሩትን ብቻ ሳይሆን፥ ጧት ፊታቸው ንጹሕ ሆኖ የሚመጡትን ተማሪዎች ከሥራው በፊትና በኋላ መቍጠር ይገባል። ስለ ፍሬው የዓለም የጤና ድርጅት ልክ አውጥቷል፤ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ልጆች መካከል የነቃ ትራኮማ ምልክት የሚታይባቸው ከመቶ ከ5 በታች መሆን አለባቸው። ነገር ግን በዚያው ዓመት መድኃኒት ታድሎ እንደ ሆነ፥ የበሽታውን መቀነስ ለንጽሕናው ሥራ ብቻ መስጠት አይገባም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ የሚቀጥለውን የንጽሕና ዘመቻ ከመጀመራችሁ በፊት አምስቱን ደረጃዎች በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጻፉ። አጻጻፉንም ከ5ኛው ጀምራችሁ ወደ 1ኛው ተመለሱ፤ አስቀድሞ የሚታሰበው የሚቈፈረው ጕድጓድ ሳይሆን የሚድነው ዐይን ነውና።