ከውሃው በታች ያለው መሬት



በዛሬው ትምህርታችን የባህር ወለል ቅርጽ በዳርቻ ያለውን አሸዋና ጠጠር እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ እናያለን።

ማዕበል ጥልቀቱ ወደሚያንስ ውሃ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚራመድ አንድ ሰፍ እናስብ። በቀኝ ጫፍ ያሉት ጭቃ ውስጥ ቢገቡ ይዘገያሉ፤ በግራ ያሉት በፍጥነታቸው ስለሚቀጥሉ ሰፉ ወደ ጭቃው ይታጠፋል። ማዕበልም እንዲሁ ነው። ወለሉ ጉብ ባለበት በኩል ኃይሉ ይሰበሰባል፤ በጎደጎደበት በኩል ይበተናል።

ማዕበሉ ዳርቻውን በሰያፍ ሲመታ አሸዋውን በሰያፍ ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው ሲመለስ ግን ቁልቁለቱን ይዞ በቀጥታ ይወርዳል። በዚህ ምልልስ አሸዋው ዳር ዳሩን ይጓዛል። ስለዚህ ማዕበሉን የሚያጥፈው ወለል፣ አሸዋው የት እንደሚከማችና ከየት እንደሚጠረግም ይወስናል ማለት ነው።

ወለሉን ብንነካውስ? በእንግሊዝ አገር፣ በዴቨን ዳርቻ ሃልሳንድስ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፕሊማውዝ የባህር ኃይል ወደብ ማስፋፊያ ከመንደሯ አጠገብ ወደ 650,000 ቶን ጠጠር ከባህር ተዛቀ። ባህሩ የተወሰደውን ይተካል ተብሎ ታስቦ ነበር። ጠጠሩ ግን ከበረዶ ዘመን በኋላ የተከማቸ ጥንታዊ ክምችት ስለነበር ምትክ አልመጣም። የዳርቻው ጠጠር ወደ ተቆፈረው ቦታ እየወረደ መንደሯ ፊት ያለው መሬት ዝቅ አለ። ቀድሞ ጠጠሩ ላይ ተሰብሮ ኃይሉ ያልቅ የነበረው ማዕበል አሁን ግድግዳ ድረስ መድረስ ጀመረ።

ነዋሪዎቹ አቤት ብለው በ1902 ቁፋሮው ቆመ፤ የተወሰደው ግን አልተመለሰም። ጥር መጨረሻ 1917 ከምሥራቅ የመጣ ከባድ ነፋስ ከባህሩ ሙላት ጋር ተገጣጠመና መንደሯን አፈረሳት። አልሐምዱሊላህ፣ የሞተ ሰው አልነበረም፤ ለመኖሪያ የተረፈው ግን አንድ ቤት ብቻ ነበር።

እኛ ባህር ባይኖረንም ከወንዝ አሸዋ እያወጣን እንገነባለን። ነገ ፊርማችን ሲጠየቅ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ይህ አሸዋ ከየት መጣ? ስናነሳው ምን ይተካዋል? እስካሁንስ ማንን ሲጠብቅ ኖሯል? የሰው ቤት በእጃችን ያለ አማና ነውና።