ስለ ቈሰለ ዛፍ አጠባበቅ

በነገሌ ቦረናና በአካባቢው ባሉት የቆላ ከተሞች የጭነት መኪና የገጨው፥ ግመል ቅርንጫፉን የሰበረው፥ ወይም ፍየል ልጡን የላጠው ዛፍ በየመንገዱ ይታያል። ሹማምንትም እንዲህ ያለውን ዛፍ ከእንግዲህ አይረባም ብለው ቶሎ እንዲቈረጥና በስፍራው ችግኝ እንዲተከል ያዝዛሉ። ነገር ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወቅቶች ተከታትለው በቀሩበት አገር ሥሩን አጥልቆ የሰደደ ትልቅ ዛፍ፥ እኩሌታው ቢጎዳም እንኳ፥ ገና ውሃ ከሚጠበቅለት ከብዙ ችግኝ ይበልጣል።

ቍረጡ የሚል ትእዛዝ ከመውጣቱ በፊት የዛፉን ዐይነት ማወቅ ያስፈልጋል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባውን ባሕር ዛፍ የለመደ ሰው፥ ዛፍ ሁሉ ከጉቶው የሚያቈጠቍጥ ይመስለዋል፤ ይህም ትልቅ ስሕተት ነው። በያቤሎና በአሬሮ ደን የሚገኘው ጥድ ከተቈረጠ በኋላ ከጉቶው አያቈጠቍጥም፤ ቅጠል የሌለው አሮጌ ቅርንጫፉም መልሶ አይለመልምም። ስለዚህ ከተጎዳ ጥድ ላይ የደረቀው ብቻ ይነሣ፤ አረንጓዴው አንዳች አይነካ። ወይራ ግን ከጉቶው ያቈጠቍጣል። የቦረና ሰዎች ኦዳ ብለው የሚያከብሩት የዋርካና የሾላ ወገንም ብርቱ ነው፤ የተሰበረው ቅርንጫፉ እንኳ በዝናም ወራት ቢተከል ሥር ሊሰድ ይችላል።

የሰው ቍስል ሲሽር አዲስ ሥጋ በስፍራው ይተካል፤ ዛፍ ግን የተበላሸውን እንጨት አይተካም፤ ዙሪያውን አጥሮ ይዘጋበታል፤ በላዩም አዲስ እንጨት ያበቅላል። ይህን አሌክስ ሺጎ የተባለ የአሜሪካ የደን ተመራማሪ ብዙ ሺህ ግንዶችን ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ አሳይቷል። ከዚህ የተነሣ ቍስሉን በቅጥራን፥ በቀለም ወይም በእበት መለሰን እርጥበት አምቆ መበስበስን ቢያግዝ እንጂ ዛፉን አይረዳውም። የሚረዳው ንጹሕ ቍርጥ ነው። የተሰበረው ቅርንጫፍ ስል በሆነ መጋዝ ይቈረጥ፤ ሆኖም ከግንዱ ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ ያለው ያበጠ አንገት አይነካ፤ ቍስሉን የሚዘጋው አዲስ እንጨት የሚነሣው ከዚያ ነውና። ረጅም ጉቶ መተውም አይገባም፤ ይደርቃል፤ በቆላም የደረቀ እንጨት ለምስጥ በር ነው።

ልጡ ተገንጥሎ ገና እርጥብ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ስፍራው ተመልሶ በጨርቅ ይታሰር፤ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለው ስስ እርጥብ ሽፋን ካልደረቀ ሊይዝ ይችላል። ከደረቀ ግን ጠርዙን በስለት አስተካክሎ መተው ይሻላል። ግንዱን ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ከቅጠሉ የሚመጣው ምግብ ወደ ሥሩ ስለማይወርድ ለጥቂት ጊዜ ለምልሞ ሊታይ ይችላል፤ ሹሙ በዚህ እንዳይታለል። ከዚያ በኋላ የእሾህ አጥር ይታጠርለት፤ ፍየሏ አንድ ቀን ብቻ ብትመለስ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናልና።

ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ውሃ የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ አዘውትሮ ማጠጣት ሥሩን ያበሰብሰዋል። ለመንገድ ወይም ለቧንቧ ሲቈፈር ሥሩ የተቈረጠ ዛፍ ግን እስከሚቀጥለው ዝናም፥ ይኸውም እስከ ገንና ወይም እስከ ሐገያ፥ ውሃ ይሻል፤ ግርጌውም በደረቅ ሣር ይሸፈን።

በጃፓን አገር ቦንሳይ የሚባል፥ በሸክላ ሳሕን ውስጥ ተተክሎ በመገረዝ ትንሽ ሆኖ የሚኖር ዛፍ አለ። ያማኪ የተባለ ቤተ ሰብ ይጠብቀው የነበረ አንድ ጥድ መሰል ዛፍ ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. በሂሮሺማ አቶሚክ ቦምብ በወደቀ ጊዜ፥ ከፍንዳታው ስፍራ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከግንብ ኋላ ስለ ነበረ ተረፈ፤ በ1968 ዓ.ም. ለአሜሪካ ተሰጥቶ አሁን በዋሽንግተን ይኖራል። በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ በማሰሮ ለሚተከሉት ዛፎችና በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው በአረንጓዴ አሻራ ለሚታደሉት ችግኞችም ጥንቃቄ ሊጓደል አይገባም። ማሰሮው ቢሰበር ወይም የችግኙ ከረጢት ቢቀደድ ሥሩ ለፀሐይ ሳይጋለጥ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅለል፤ የተሰበረው ሥር ብቻ ተቈርጦ በዚያው ዐይነት አፈር ይተከል፤ ጥቂት ሳምንትም በጥላ ይቀመጥ። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ፍግ አይጨመርበት።